የደም ፏፏቴውና የሄርን ሁለት ትረካዎች

አዘጋጃችን ለዚህ ሳምንት ዓምድ «ወንዝ ምረጥ» ሲለኝ ዓባይን እየጠበቀ እንደነበር ይገባኛል። ስለ ዓባይ ያልተጻፈ ነገር ማግኘት ስላስቸገረኝ ሰሜን ካናዳ ወረድኩ። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

የኮፐርማይን ወንዝ 845 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከላክ ደ ግራ ሐይቅ ተነሥቶ፣ ሌሎች ሐይቆችን እያቋረጠ ወደ ሰሜን ይወርድና ኩግሉክቱክ በተባለችው የኢኑይት መንደር አጠገብ አርክቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ወደ ባሕሩ ሲጠጋ ዛፉ እያጠረ ሄዶ ይጠፋል፤ ውሃውም አብዛኛውን ዓመት በረዶ ለብሶ ይከርማል። ወሬው ያለው ከመንደሯ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ «የደም ፏፏቴ» የሚባለው ቦታ ላይ ነው።

የእንግሊዙ የፀጉር ንግድ ድርጅት የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ሠራተኛ ሳሙኤል ሄርን መዳብ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሳካለት ተመልሷል። በ1770 መጨረሻ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ ማቶናቢ የተባለ የችፔዋያን (ከዴኔ ሕዝቦች አንዱ) አለቃ መራው። ማቶናቢ የቀድሞው ጉዞ የከሸፈው ሴቶች ስላልነበሩበት ነው ባይ ነበር፤ ጓዝ የሚሸከሙት እነሱ ናቸዋ! ጁላይ 17 ቀን 1771፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ሌሊት፣ የማቶናቢ ሰዎች ፏፏቴው አጠገብ በድንኳናቸው ተኝተው የነበሩ 20 ያህል ኢኑይቶችን ፈጁ። ሄርን ቆሞ አየ።

መጽሐፉ በ1795፣ እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ታተመ። በጦር የተወጋች ወጣት እግሩ ላይ ተጠምጥማ ስትሞት የሚተርከው ገጽ አንባቢን ሁሉ አስለቀሰ። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በቀሩት የጉዞ ማስታወሻው ቅጂዎች ትረካው አጠር፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ካናዳዊው ምሁር ኢያን ማክላረን ከመጽሐፉ ጀርባ የሌላ ሰው ብዕር እንዳለ ይጠረጥራሉ። እኔም ማስታወሻው ይበልጥ ይታመናል እላለሁ፤ መንገድ ላይ የጻፈ ሰው ለማሳመር ጊዜ የለውም። ፍጅቱ ራሱ ግን ተረት አይደለም። አሳሹ ጆን ፍራንክሊን በ1821 እዚያ ሲደርስ የራስ ቅልና አጥንት መሬት ላይ ተበትኖ አግኝቷል።

ሄርን ያገኘው መዳብ ሁለት ኪሎ አይሞላም። የወንዙን አፍም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን አሳልፎ መዘገበው። የመልስ ጉዞው እስከ ጁን 1772 ወሰደ፤ መንገዱ ረጅም ነበር፣ ክረምቱም እንዲሁ።

ሀብቱ የተገኘው በሌላኛው ጫፍ፣ መነሻው ሐይቅ አካባቢ ነው፤ ያውም አልማዝ። የኤካቲ ማዕድን ማውጫ በ1998፣ የዲያቪክ ደግሞ በ2003 ማምረት ጀመሩ። ወደ ፍጅቱ ስንመለስ፣ የዴኔና የኢኑይት ተወካዮች በ1996 ተገናኝተው በመካከላቸው ለቆየው ቂም የዕርቅ ሥነ ሥርዓት አደረጉ።