የኮፐንሃገን ሰማያዊ ሳህን

ኬሚስቱ ፍራንስ ሃይንሪክ ሙለር በዴንማርክ ንግሥት ዩሊያነ ማሪ ድጋፍ የኮፐንሃገንን የፖርሴሊን ፋብሪካ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። በዕቃው ግርጌ የሚታዩት ሦስት ሞገድ መሳይ መስመሮች የአገሪቱን ሦስት የባሕር ሰርጦች ያመለክታሉ።

ፋብሪካው ቁጥር 1 ብሎ የመዘገበው ንድፍ መነሻው የቻይና የአበባ ሥዕል ነው። የአማርኛው «ስኒ» ራሱ «ቻይናዊ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ በመሆኑ ዝምድናው ሩቅ አይደለም። ሥዕሉ የሚሳለው በኮባልት፣ አንድ ጊዜ በተተኮሰ ሸክላ ላይ ነው። ሸክላው ቀለሙን ወዲያው ስለሚመጠው የተሳሳተ ጭረት በቀላሉ አይታረምም። ከዚያ መስታወት መሳይ ልባስ ይቀባና 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ሲተኮስ ሰማያዊው ደምቆ ይወጣል። አንድ የእራት ሳህን 1,197 የብሩሽ ጭረት ይፈጃል፤ ሠዓሊውም ከሥሩ ምልክቱን ያኖራል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደበዘዘውን ንድፍ ከ1885 ጀምሮ አርኖልድ ክሮግ አነቃቃው። ደፋሩ ለውጥ ግን የመጣው በ2000 ነው። የዲዛይን ተማሪ ሳለች ሐሳቡን ያነሣችው ካረን ክዬልጎር ላርሰን ከአሮጌው ሥዕል ቁራጭ ወስዳ አገዘፈችው። አንዲት አበባ ከሳህኑ ጠርዝ ተርፋ የምትወጣ ትመስላለች፤ የቀረው ቦታ ባዶ ነጭ ነው። ነገሩ ለዓይን ጨዋታ ቢመስልም ለእጅ ፈተና ነው፤ በትንሹ ሥዕል ውስጥ የሚሰወረው የብሩሽ መንቀጥቀጥ እዚህ መደበቂያ የለውም። ቀለሙና አሳሳሉ ስላልተለወጠ አዲሱ ሳህን ከአያት ከተወረሰው ጋር በአንድ ገበታ ይቀርባል።