የግንዛቤ ሥርዓት ምህንድስና
ሰውንና ማሽንን ነጣጥሎ ሳይሆን አንድን ሥራ በጋራ እንደሚያከናውን አንድ ሥርዓት የሚያጠና የምህንድስና ዘርፍ። መሠረቱን ኤሪክ ሆልናጌልና ዴቪድ ዉድስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ጣሉ፤ በዚያው ዓመት የዴንማርኩ ጄንስ ራስሙሰን የሰውን አሠራር በክህሎት፣ በደንብና በዕውቀት የሚመራ ብሎ በሦስት ደረጃ ከፈለው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች የሞቱበት አደጋ ለዘርፉ ዐቢይ ምሳሌ ነው። በቦይንግ 737 ማክስ 8 ላይ የነበረው ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር ብቻ በመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ፤ አብራሪዎቹ በተደራረቡ ማስጠንቀቂያዎች መካከል ታገሉት። በኋላ ኤምካስ የሁለት ሴንሰሮችን ንባብ እንዲያነጻጽርና አብራሪው ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ እንዳይገፋ ተሻሽሏል።