የምክር ቤት ምርጫን ውጤት በየወረዳው ስለ መገመት

የሰው ልጅ ነገ የሚሆነውን ዛሬ ለማወቅ መመኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። ገበሬው ደመናውን አይቶ ዝናሙን ይገምታል፤ ነጋዴውም የገበያውን ሁኔታ ተመልክቶ ዋጋውን ይተምናል። ሕዝብ እንደራሴዎቹን በድምፁ መምረጥ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ «በዚህ ወረዳ ማን ያሸንፍ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚነሣ ሆኗል። ይህ ግምት በምን ላይ እንደሚቆም፣ በጉራጌ አገር የሚገኙትን ወልቂጤንና ቡታጅራን መነሻ አድርገን እንመርምር።

አስቀድሞ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲደረግ ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ የመልስ ወረቀት ሰብስቦ ላንደን ያሸንፋል ብሎ አስታወቀ። ነገር ግን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ። ስሕተቱ የመጣው ከመልሱ ማነስ አልነበረም። ስማቸው በአብዛኛው የተወሰደው ከስልክና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብ ነበርና፣ ድኻው አልተጠየቀም። የጠያቂው ብዛት ሳይሆን የተጠያቂው ማንነት ግምትን እንደሚያቀና ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች የሚመረጡት በመኳንንቱና በባላባቶቹ ነበር። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጠ። አገሩ 200,000 ያህል ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ወረዳዎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴዎችን እንዲልክ ተወሰነ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ተደርጎ 210 እንደራሴዎች ተመረጡ፤ ከዚያም በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ምርጫው ተደገመ።

በዚያን ጊዜ ወልቂጤ በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ ቡታጅራም በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበሩ። ወልቂጤ ፊቷን ወደ ጅማ መንገድ፣ ቡታጅራም ወደ ዓለም ገና መንገድ የመለሱ ስለሆኑ፣ የሕዝቡ ልማድ ቢቀራረብም ገበያቸውና ጉዳያቸው የተለያየ ነበር። ታዲያ በዚያ ዘመን ውጤቱን ለመገመት የሚፈልግ ሰው ምንን ይመለከታል? የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረምና ካለፈው ምርጫ የፓርቲ ድምፅ ቈጥሮ ወደሚመጣው ሊሻገር አይችልም። ተወዳዳሪው በወረዳው የሚኖርና በዚያው ሀብት ያለው መሆን ስለሚገባው፣ አንደኛ የሰውየውን ርስትና ሀብት፣ ሁለተኛ ዝምድናውን፣ ሦስተኛ በሽማግሌዎች ዘንድ ያለውን ክብር መጠየቅ ነበረበት። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በየጆካ ተቀምጠው የሚሰጡትን ፍርድ የማያውቅ ገማች፣ ሰው በማን ቃል እንደሚታመን ሊያውቅ አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። የጉራጌ ልጅ በአዲስ አበባ ሠርቶ አገሩን አይረሳም። ለመስቀል ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በከተማ ያሉት ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው በትውልድ አገራቸው መንገድ ማሠራታቸውም የታወቀ ነው። ስለዚህ በአገር ቤት የሚሰጠው ድምፅ በከተማ ከሚነገረው ወሬ የተለየ አይደለም። ገማቹ መርካቶን ሳያዳምጥ ቸሃን ቢገምት፣ ሥሩን ሳያይ ቅጠሉን እንደ መቍጠር ይሆንበታል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከጸደቀ ወዲህ ሥርዐቱ ሌላ ሆነ። በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ያለው ድምፅ ያገኘው አንዱ ያሸንፋል። ለምሳሌ ሦስት ሰዎች ተወዳድረው አንዱ ከመቶ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኙ፣ 60 እጅ ያልመረጠው ሰው ወንበሩን ይወስዳል። ከሦስተኛው ደጋፊዎች ጥቂቶቹ ወደ ሁለተኛው ቢያዘነብሉ ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ስለዚህ የአገሩን ጠቅላላ ስሜት ማወቅ የአንዱን ወረዳ ዕጣ ማወቅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከ547 ወንበሮች 327 ሲያገኝ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ፤ በአዲስ አበባ ግን 23ቱንም ወንበሮች የወሰደው ቅንጅት ነበር። ያለፈውን ምርጫ ብቻ ይዞ የገመተ ሁሉ በዚያ ዓመት አፈረ።

ድንበርም ይለወጣል። በ1993 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ከጉራጌ ዞን ተለይቶ የራሱን ዞን መሠረተ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህም ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነዋል። የአስተዳደሩ ጉዳይ ሲለወጥ መራጩ የሚጠይቀው ጥያቄም ይለወጣልና፣ የትናንቱን ካርታ ይዞ የነገን ድምፅ መቍጠር «ላም አለኝ በሰማይ» እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ። በእነዚህ ዓመታት በየወረዳው ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ጥበብ አላስፈለገም፤ አንድ ስም መጥራት በቂ ነበር። ነገር ግን ያ ትክክለኛ ግምት ስለ ወልቂጤ ሰው ሐሳብ ወይም ስለ ቡታጅራ ሰው ችግር የሚያስተምረን ምንድር ነው? ምንም አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተሳሳተው ገማች ከሕዝቡ አንድ ነገር ተማረ፤ በ2007 ዓ.ም. ያልተሳሳተው ግን የተማረው የለም። እንግዲህ ግምት የሚከብድበት ምርጫ መራጩ በእውነት የሚመርጥበት ነው፤ ውጤቱ ድምፅ ሳይሰጥ የታወቀ እንደ ሆነ ግን የገማቹ ጥበብ ሳይሆን የመራጩ ድምፅ ዋጋ ይጠየቃል።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን «ማን ያሸንፋል?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት፣ በወረዳው ማን እንደሚኖር፣ ከየት እንደሚሸምት፣ በማን ቃል እንደሚታመንና ምን እንደጐደለው ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያደርጓቸው መልካም ነው። የመንግሥት ሠራተኛም እንዲሁ ያድርግ። ግምቱ ቢሳሳት እንኳ አገርን ማወቁ አይጠፋበትም፤ አገሩን ያወቀ ሰውም የሕዝብን ድምፅ አይንቅም።