የአንኮበር ተጓዥ ስንቅ፦ ከበሶ እስከ ፈረንጅ ደረቅ ምግብ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ፣ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀጥል አንኮበርን ያገኛል። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ዛሬ የምትታወቀው በቤተ መንግሥቷ ፍርስራሽ፣ በአቅራቢያዋ ባለው የወፍ ዋሻ ደንና በጭላዳ ዝንጀሮዎች ነው። ተራሮቿን በእግሩ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ቀድሞ መመለስ አለበት። ሱቅም ምግብ ቤትም በሌለበት ዳገት ላይ ሁለት ቀን ለመቆየት ምን ይዞ ይውጣ?

አንዳንዱ ከውጭ አገር ዘመድ የላከለትን፣ የፈላ ውሃ ብቻ የሚጨመርበትን እሽግ ምግብ ይይዛል። ሌላው ዳቦና ቲማቲም በፌስታል ቋጥሮ ይወጣል። ሁለቱም መሀል ላይ የቆመውን የአገር ቤት ስንቅ ይረሱታል። ትምህርት ቤት ገብቶ በሶ የሚበላውን አበበን የማያውቅ ባይኖርም፣ በሶው ራሱ ለምን የመንገድ ምግብ እንደሆነ የሚያስብ ጥቂት ነው።

የፈረንጁ እሽግ ምንድን ነው?

በቅዝቃዜ የደረቀ ምግብ የሚዘጋጀው የተቀቀለው ምግብ በረዶ እስኪሆን ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ በማስገባት ነው። በዚያ ውስጥ በረዶው ወደ ውሃ ሳይለወጥ በቀጥታ ተንኖ ይወጣል። ምግቡ ቅርጹንና አብዛኛውን ጣዕሙን እንደያዘ ይቀልላል፤ ውሃ ሲያገኝም ቶሎ ይርሳል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች የሌሊት ውርጭንና የቀን ፀሐይን በማፈራረቅ ድንችን በተመሳሳይ መንገድ ሲያደርቁ ኖረዋል።

እንዲህ ያለ እሽግ የሚገዛ ሰው ከሥዕሉ ይልቅ ጀርባውን ያንብብ። በመቶ ግራም ከ400 ካሎሪ በላይ የሚሰጥ፣ ለአንድ ራት 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ያለው ቢሆን ይመረጣል። የጨው መጠኑን፣ የሚፈልገውን ውሃና የማብቂያ ቀኑን ማየትም ይገባል። ማሸጊያው የተበሳ ከሆነ አይያዝ። ለሁለት ሰው ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ዳገት የወጣን አንድ ሰው እንኳ በቅጡ አያጠግብም።

ከፍታው የሚለውጠው ነገር

በባሕር ወለል ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በ2,500 ሜትር ወደ 92፣ በ3,500 ሜትር ደግሞ ወደ 88 ዲግሪ ይወርዳል። በዚህ የተነሣ ባቄላና አተር በተራራ ላይ ለሰዓታት ቢንተከተክ እንኳ ልቡ ሳይበስል ይቀራል። የፈረንጁም እሽግ "10 ደቂቃ ይጠብቁ" ቢል በእጥፍ መጠበቅና በጋቢ ጠቅልሎ ሙቀቱን ማቆየት ያስፈልጋል።

የአገራችን ስንቅ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። የበሶ ገብስ ቤት ውስጥ ተቆልቶ ስለተፈጨ እሳት አይፈልግም። ሽሮም ተቆልቶ የተፈጨ በመሆኑ ያው አተርና ሽምብራ በደቂቃዎች ይደርሳል። ድርቆሽ ቀድሞ የበሰለ እንጀራ ነው። ማገዶ የሚፈጀው ሥራ ሁሉ ጓዳ ውስጥ አልቆ ነው ስንቁ የሚጫነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት እንዲያ ያለውን ርቀት የተጓዘው በአብዛኛው ከየቤቱ በያዘው ስንቅ ነበር። የቲቤት ደገኞችም የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤና በሻይ ለውሰው ይመገባሉ፤ ከበሶ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው።

ስንቃችንን ለማሻሻል

ይሁን እንጂ የአገር ቤት ስንቅም ጉድለት አለበት።

አንደኛው የቅባት ማነስ ነው። 100 ግራም በሶ 350 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። 30 ግራም ንጥር ቅቤ ሲለወስበት ወደ 600 ይደርሳል፤ ክብደቱ ግን እምብዛም አይጨምርም። ጭኮ ለብርድ አገር ጉዞ የተመረጠበት ምክንያት ይኸው ነው። በጾም ወቅት በቅቤው ፈንታ ዘይት፣ የተፈጨ ለውዝ ወይም ሱፍ መጠቀም ይቻላል።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ለቋንጣ የሚመረጠው ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ ነው፤ ስቡ አይደርቅም፣ ቶሎም ይሸታል። ሥጋው በስሱ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሰቀላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ አየር ለዚህ ይመቻል። ቋንጣውም ድርቆሹም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ከተለመጠ ውስጡ ውሃ አለ ማለት ነው። የሻገተውን ደግሞ ሻጋታውን ጠርጎ መብላት አይገባም፤ አንዳንድ የሻጋታ መርዞች በመፍላት አይጠፉምና።

ሦስተኛውና ከሁሉ አደገኛው ውሃው ነው። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚበጠበጥ፣ ከምንጭ የተቀዳው ውሃ የያዘው ተሕዋስ ሁሉ አብሮ ይጠጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ሊንተከተክ ይገባል። በተራራ ላይ ተቅማጥ የያዘው ሰው የያዘው ምግብ ቢበዛም አይጠቅመው፤ ፈሳሹም ጉልበቱም ባንድ ላይ ያልቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሌሊቱ ቢበርድም ከሰል ወደ ድንኳን አይገባም። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይሰማው ይሞታል። ማብሰልም መሞቅም ከደጅ ይሁን።

ለአንድ ሰው የሁለት ቀን ስንቅ

በሶ 400 ግራም፣ ንጥር ቅቤ 120 ግራም፣ ድርቆሽ 300 ግራም፣ ቋንጣ 150 ግራም፣ ምጥን ሽሮ 150 ግራም፣ ለውዝ የተቀላቀለበት የገብስና የሽምብራ ቆሎ 300 ግራም፣ ማር 100 ግራም። ጠቅላላ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል እምብዛም አይበልጥም፤ በግምት 6,000 ካሎሪ፣ በቀን 3,000 ማለት ነው። ጠዋት በሶ በማርና በቅቤ፣ በመንገድ ላይ ቆሎ፣ ማታ ቋንጣው የገባበት ሽሮ በድርቆሽ ይበላል። የፈረንጁን እሽግ የያዘም ቅቤ፣ ሚጥሚጣና የተከታተፈ ቋንጣ ቢጨምርበት ጣዕሙም ጉልበቱም ይሻሻላል። ለክፉ ቀን ደግሞ እሳት የማይፈልግ አንድ ጉርሻ ጭኮ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ዝናብ ሲጥል ወይም ጋዝ ሲያልቅ የሚያድረው በእሱ ነው።

የቀድሞ አዳኞች ይህን መሰል ስንቅ በስልቻ ይዘው ይወጡ ነበር። ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ጉዞው ለእይታ ይሁን። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተከሰተውን ግጭት ግምት ውስጥ በማስገባትም፣ ስንቅ ከመቋጠር በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰዎች መጠየቅ ይቀድማል።