ኩረጃ ያተረፈልን ሥዕል

እኛ ግቢ፣ እዚሁ ሀና ማርያም፣ ሰርቪስ ቤት የተከራየ አንድ ሰዓሊ ልጅ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ ሮም ውስጥ የሳለውን «የማቴዎስ መጠራት» ከስልኩ እያየ በዘይት ቀለም ሲገለብጥ ደረስኩበት። ሸራውን መጀመሪያ በጥቁር ቡናማ ሸፍኖታል፤ ከዚያ ብርሃን ያረፈባቸውን ፊቶችና እጆች ብቻ ከጨለማው እያወጣ ነው። እኔ አፌ አያርፍ፣ «ይሄ ኩረጃ አይደለም እንዴ? ያንተ ሥራ የታለ?» አልኩት። ዝም አለኝ።

ማታ ላይ ግን የገዛ ጥያቄዬ ከነከነኝ። ምክንያቱም የኛ ሥዕል ታሪክ ራሱ በግልባጭ የተሞላ ነው።

ኩርዓተ ርእሱን ውሰዱ። የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የሳለው አውሮፓዊ ነው። የጎንደር ነገሥታት ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ጦር ሲሸነፉ ሥዕሉም ተማረከ፤ በኋላ በቤዛ ተመለሰ።

ሰዓሊዎቻችን ይህን ሥዕል ደጋግመው ገለበጡት። ግን እንዳለ አልገለበጡትም። ዋናው ላይ ክርስቶስ ብቻውን ነው፤ የኛዎቹ አክሊሉን በበትር የሚመቱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ጨመሩ። ፈረንጁ በጥላ ያለሰለሰውን ፊት በጥቁር መስመርና በደማቅ ቀለም አወጡት። ግልባጩ የራሱ መልክ ኖረው፤ ማንም አይቶ «ሐበሻ የሳለው ነው» የሚለው ሥዕል ሆነ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1868 መጣ። መቅደላ ስትወድቅ፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ጦሩን ተከትሎ የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ወሰደው። ለሙዚየሙ እንኳ አልሰጠውም፤ ለራሱ አስቀረው። በኋላ ለጨረታ ቀርቦ፣ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ፖርቱጋል ገባ።

ዋናው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየብራናው የቀሩልን ግልባጮቹ ናቸው። እነዚያ ሰዓሊዎች «የሰው ሥራ አንነካም» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ኩርዓተ ርእሱ ስናወራ የምናሳየው ምን ይኖረን ነበር? ይህ ማለት ግን ዋናውን እንርሳው ማለት አይደለም። በጦርነት የተወሰደ ንብረት ነውና መጠየቅ አለብን።

በማግስቱ ልጁን ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። የማቴዎስን ፊት ጨርሶታል። ጣሊያን ግን አይመስልም። ቁርጥ የሰፈራችንን የታክሲ ረዳት!