ጥበበ እድ በይፋት ቆላ

ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ያለችው ማጀቴ፣ ዛሬ መንገደኛው ስሟን ሰምቶ የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ብትሆንም፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በዩኔስኮ ረዳትነት የተቋቋመው የማኅበረ ሰብ ትምህርት ቤት መምህራን ማሠልጠኛ መቀመጫ ነበረች። ከዚያ እንዲወጣ የታሰበው መምህር ፊደል አስቈጥሮ የሚያበቃ ሳይሆን፣ እርሻንና ጤና አጠባበቅን ከጥበበ እድ ጋራ አስተባብሮ፣ ለተላከበት መንደር የሚበጀውን በገዛ እጁ ሠርቶ የሚያሳይ ነበር።

ሐሳቡ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢመስልም፣ ለአገሩ ፈጽሞ እንግዳ ነበር ለማለት እኔ አልደፍርም፤ የቤተ ክህነት ደቀ መዝሙር ጸሐፊ ለመሆን ሲነሣ፣ ጥላሸቱን በጥብጦ ቀለም፣ መቃውን ቀርጾ ብዕር፣ የፍየሉንም ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ብራና ማድረግን የሚለምደው ከመምህሩ እግር ሥር ነውና፤ በቆላውም የአርጎባው ሸማኔ ልጅ፣ ከአባቱ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ፣ መወርወሪያው በድሩ መካከል ሲመላለስ እያየ፣ ክሩ ሲበጠስበትም እየቀጠለ (ይህ መቀጠል ራሱ ስንት ትዕግሥት ይጠይቃል!) ሙያውን ይወርሳል።

ማሠልጠኛው ግን በቆላው ብዙ ሳይሰነብት ወደ ደብረ ብርሃን ደጋ ወጣ።