«አይሪ» በሻሸመኔ

እንግሊዝኛ ለደስታ ያሉት ቃላት ብዙ ናቸው፤ በአገራችን ምድር የራሱን ሰፈር ይዞ የኖረው ግን አንድ ብቻ ይመስለኛል። ይኸውም በሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ለሰላምታም ለምላሽም የሚነገረው «አይሪ» ነው። በሥራችን ተርጉሙ የምንባል ባልደረቦች «ደስታ» ብለን ብናልፈው ምን እንደምናጎድል ማየት ይገባናል።

ቃሉ የመጣው ከሰዎቹ ጋር ነው። ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አባላት በጠላት ወረራ ዘመን ስላደረጉት ድጋፍ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ ዓመታት በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ፈቀዱላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ከዚያች ደሴት የሚመጡት ራስ ተፈሪያውያን እየበዙ ሄዱ።

እነዚህ ሰዎች የቅኝ ገዥውን ቋንቋ እንዳለ አልተቀበሉትም። «አይ» በእንግሊዝኛ «እኔ» ማለት ነው፤ በንጉሡ ስም ላይ «ቀዳማዊ» ተብሎ የሚነበበው የሮማውያን ቁጥርም መልኩ ያው ነው። ስለዚህ ድምፁን ከፍ ባለ ክብር ያዙት። «እኛ» በማለት ፈንታ «አይ ኤንድ አይ»፣ ማለትም «እኔና እኔ» አሉ፤ ሕይወት ሰጪ ነው የሚሉትንም ምግብ «ቫይታል» ከሚለው ቃል የመጀመሪያውን ድምፅ ቆርጠው «አይታል» አሉት። ለጭቆና የሚነገረው «ኦፕረሽን» ወደ ላይ የሚያነሣ ስለመሰላቸው «ዳውንፕረሽን» ብለው ወደ ታች አወረዱት። (ቀልድ የሚመስለው ለማያውቀው ነው።)

«አይሪ»ም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። መነሻው «ኦል ራይት» የሚለው አነጋገር በጃማይካውያን አፍ የተለወጠበት ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ሥሩ ተድላና ፈንጠዝያ ሳይሆን ደኅንነት ነው። አማርኛችን «ደስ አለኝ» ሲል ደስታው ከውጭ መጥቶ ሰውየውን ይነካዋል፤ ተናጋሪው ተቀባይ ነው። በ«አይሪ» ግን «እኔ» የሚለው ድምፅ ከፊት ቆሟል። በእኔ ግምት የሚቀርበው «ደኅና ነኝ፣ ሰላም ነኝ» የሚለው ነው።

ልዩነቱ የሚከብደው ታሪኩ ሲታሰብ ነው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ሰፋሪዎቹ አብዛኛውን መሬት አጡ፤ የቀሩትም ለረጅም ዘመን የነዋሪነት ማስረጃ ሳይኖራቸው ኖሩ። መንግሥት መታወቂያ እንዲሰጣቸው የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት እንደምን ነህ ተብሎ «አይሪ» ያለውን ሰው ቃል አስተርጓሚ «ደስ ብሎኛል» ብሎ ቢያቀርበው፣ ሰውየው ችግር የለብኝም ያለ ይመስል ነበር። እርሱ ያለው ግን ችግሩ ሳለ እኔ ጸንቻለሁ ነው።

ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። አቢሲንያንስ የተባሉት የጃማይካ ዘፋኞች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባወጡት ዜማ ርእስ ውስጥ የእኛን «ሰጠ» እና «አመሰገነ» እናገኛለን። «ሳታ» የተባለው የፊተኛው ቃል በራስ ተፈሪያውያን አነጋገር ረጋ ብሎ መቀመጥ፣ ማረፍ ማለት ሆኗል። ይህን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ «ማን ምን ሰጠ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።